ምዕራፍ ሰባት፦ የክት ሳንጃ

ሂትለር ማርች 16 ቀን 1935 የግዳጅ ውትድርናን መልሶ ሲያውጅ፣ የቬርሳይ ውል ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ገድቦት የነበረው የጀርመን ጦር ሠራዊት በአጭር ጊዜ በወጣቶች ተጥለቀለቀ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መንግሥት ለምልምሉ ጠመንጃ፣ ዩኒፎርምና ሳንጃ ያድለዋል። የሚታደለው ሳንጃ ግን የጠቆረ፣ ቁጥር የተመታበት የሥራ ዕቃ ነው። ለእሑድ ሽርሽር፣ ለዘመድ ሠርግ፣ ለእናት የሚላክ ፎቶግራፍ ለመነሣት አያኮራም። ስለዚህ ወታደሩ ከደመወዙ ቆጥቦ ሌላ ይገዛል። የሚገዛው ቀጠን ያለ፣ ብረቱ በኒኬል ተለብጦ የሚያብረቀርቅ፣ አፎቱ በጥቁር ቀለም የተወለወለ ነው። ልማዱ ከቄሣሩ ዘመን የወረደ ነበርና አለቆቹም አይከለክሉትም። በዚህ ምዕራፍ ወታደሩ በገንዘቡ የሚገዛውን የክት ሳንጃ፣ መንግሥት የሚያድለውን ደግሞ የአዘቦት ሳንጃ እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

የገበያው እምብርት ዞሊንገን ነበረች። ከራይን ወንዝ በስተምሥራቅ፣ በቩፐር ወንዝ አካባቢ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሰይፍ ሥራ ትታወቃለች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰይፍ ፈላጊ ሲጠፋ አንጥረኞቿ በቢላዋ፣ በመቀስና በምላጭ ኖሩ። 1935 ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ምልምል ደንበኛ ሆነ። ፋብሪካዎቹ በሥዕል የተደገፈ የዋጋ ዝርዝር አሳትመው ለጦር ሰፈር ሱቆችና ለዩኒፎርም ነጋዴዎች በተኑ። ወታደሩ ረጅሙን ወይም አጭሩን ይመርጣል። ጨመር አድርጎ ከከፈለ እጀታው ከአጋዘን ቀንድ ይሆንለታል። ከዚያም በላይ ከከፈለ ስለቱ ላይ ጽሑፍና ሥዕል በአሲድ ይቀረጽለታል። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ ሁለት የክት ሳንጃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለማይመሳሰሉ ብቻ አንዱን ፎርጅድ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ዕቃው ሲጀመርም በገዢው ፍላጎት የሚለያይ ሸቀጥ ነበር።

በ1945 የአሜሪካና የእንግሊዝ ወታደሮች እነዚህን ሳንጃዎች በሻንጣቸው ይዘው ወደየአገራቸው ገቡ። በጀርመንም ብዙ ቤተሰብ በጣሪያ ሥርና በቁም ሣጥን ውስጥ አስቀራቸው። ገዝቷቸው ወይም ማርኳቸው የነበረው ትውልድ ሲያልፍ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አገኟቸው። ወራሽ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ይህ ምንድን ነው? እውነተኛ ነው ወይ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ዕቃውን ራሱን መመርመር፣ የቤተሰቡን ታሪክ ደግሞ ከዚያ በኋላ መስማት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ቀድሞ የተሰማ ታሪክ ግን ዓይንን ወደሚፈልገው ቦታ ይመራል፤ ተመልካቹም የሚያየው የሰማውን ብቻ ይሆናል። ከጣልያን ወራሪ የተማረከ ሳንጃ ከአያቶቹ የወረሰ ኢትዮጵያዊ አንባቢም ምልክቶቹ ቢለያዩበት የምርመራው መንገድ ይጠቅመዋል።

በጣም የተለመደው ታሪክ ሳንጃው ከአንድ የጀርመን መኮንን ላይ ተማረከ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ችግር አለ። የጀርመን ምድር ጦር መኮንን ከ1935 ጀምሮ ከወገቡ በማሰሪያ የሚንጠለጠል የራሱ ጩቤ ነበረው። የክት ሳንጃ የተራ ወታደሩና የበታች ሹሙ ጌጥ ነው። በሳንጃው ሰው ተገደለበት የሚለውም ታሪክ ብዙ ጊዜ አይጸናም፤ አብዛኛው የክት ሳንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠርዙ አልተሳለም፣ በኋላም የሳለው የለም። ታዲያ አያት ከየት አመጡት? ጦርነቱ ሲያበቃ የተያዙ ከተሞች ነዋሪዎች ያላቸውን መሣሪያ ሁሉ እንዲያስረክቡ ታዘዙ፤ በየአደባባዩም የጠመንጃ፣ የሰይፍና የሳንጃ ክምር ተከመረ። ሌላው ከተተወ የጦር ሰፈር ተገኘ፣ ሌላው በሲጋራ ተለወጠ። ከእነዚህ በአንዱ መንገድ መገኘቱ የአያትን አገልግሎት አያሳንስም። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተራው ወታደር መኮንን ሆኖ ቢገኝ ማንም የዋሸ የለም፤ የቤተሰብ ትረካ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ዕቃውን በጥሩ ብርሃን፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ እናስቀምጠው። ማስመሪያ፣ ማጉያ መነጽርና ትንሽ ማግኔት ይበቃል።

መጀመሪያ ስለቱን ይለኩ። የክት ሳንጃ በሁለት ዋና ዋና ልኮች ይሠራ ነበር፤ አንደኛው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። በልማድ አጭሩ የተራ ወታደር፣ ረጅሙ የበታች ሹም ነው ይባላል። ከዚህ እጅግ የራቀ ርዝመት ካገኙ የያዙት ሌላ ዓይነት ነው። 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ጫፉ ሰፋ የሚል ስለት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብዛት የታደለው የ98/05 ሞዴል ነው። 52 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ቀጭንና ረጅም ደግሞ የመጀመሪያው የ1898 ሞዴል ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአዘቦት ሳንጃ፣ 84/98 የሚባለው፣ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከረጅሙ የክት ሳንጃ ጋር በርዝመት ይመሳሰላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

የሚለያቸው እጀታው ነው። በአዘቦት ሳንጃ እጀታ ጀርባ ላይ ከጠመንጃው አፈሙዝ የሚወጣው ነበልባል እንጨቱን እንዳያቃጥል የተገጠመ ብረት አለ፤ በእጀታው አናት ላይ ደግሞ የጠመንጃውን ማያያዣ የሚቀበል ጥልቅና ትክክለኛ ስንጥቅ አለ። በክት ሳንጃ ላይ የነበልባል መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስንጥቁም ቢኖር ብዙ ጊዜ ለመልክ ያህል ነው፤ ጥልቀት የለውም፣ አንዳንዴም በውስጡ ቀይ ሱፍ ተለጥፎበታል። መጫኛ ቁልፉ ግን በቦታው አለ፣ ሲጫኑትም ይሠራል። ወታደሩ ሳንጃውን ጠመንጃ ላይ ሊሰካው አልገዛውም፤ ሳንጃ መምሰሉ በቂው ነበር።

እጀታውን የሸፈኑት ሁለት ጥቁር ቁራጮች በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተጨረሱ ሲሆኑ ከባኬላይት ወይም ከመሰል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ የሚይዟቸውም ሁለት የብረት ሚስማሮች ናቸው። የእጀታው አናት የወፍ ራስ ቅርጽ አለው፣ በምድር ጦር ሳንጃ ላይ ግን ላባና ዓይን አልተቀረጸበትም። ላባው፣ ዓይኑና ምንቃሩ በግልጽ የወጣ የንስር ራስ ከሆነ፣ እጀታው የአጋዘን ቀንድ ከሆነ፣ በቀንዱም ላይ የፖሊስ አርማ ከተሰካ፣ ሳንጃው የፖሊስ ነው። ከእጀታው ሥር ያለው አግዳሚ ብረት ሁለቱም ጫፎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠማዘዙ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሳንጃ ነው። ስለዚህ "የናዚ ወታደር ሳንጃ" ተብሎ የሚወረሰው አንዳንዱ እሳት ለማጥፋት ይሮጥ የነበረ ሰው ንብረት ነው። ወራሾች ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የሚያጽናና ዜና ይመስለኛል።

ከዚያ ምልክቶቹ ይመጣሉ። የአዘቦት ሳንጃ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ብዙ ማኅተም አለበት። በስለቱ ሥር የሠሪው ስም ወይም መለያ ኮድ፣ ዓመቱና ተከታታይ ቁጥሩ ይገኛል፤ በአፎቱም ላይ ያው ቁጥር ይደገማል። የጦር መሣሪያ ቢሮው ተቆጣጣሪዎች የመቷቸው ትንንሽ ንስሮችም አሉ። በቄሣሩ ዘመን በተሠሩት ላይ ደግሞ በስለቱ ጀርባ ዘውድና የንጉሡ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ከሥሩም የዓመቱ ሁለት አኃዞች ይታያሉ። የክት ሳንጃ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። መንግሥት አልገዛውምና መንግሥት አልመረመረውም። የሚያብረቀርቅ የክት ሳንጃ ላይ የተቆጣጣሪ ንስርና ተከታታይ ቁጥር ሲያዩ ማኅተሙ ዋጋ ለመጨመር በኋላ የተመታ መሆኑን ይጠርጥሩ። በተቃራኒው ወራሽ "ምንም ቁጥር የለውምና ሐሰት ነው" ብሎ የጣለው ሳንጃ ትክክለኛው ሊሆን ይችላል።

በክት ሳንጃ ላይ የሚጠበቀው አንድ ነገር የሠሪው የንግድ ምልክት ነው። የሚገኘው በስለቱ ሥር፣ ከአግዳሚው ብረት አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ዞሊንገኖች ምልክት አወጣጥ ላይ ብልሆች ነበሩ። ካርል አይክሆርን ስሙ በጀርመንኛ ከሽኮኮ ጋር ስለሚቀራረብ ምልክቱን ሽኮኮ አደረገ። ሮበርት ክላስ ሁለት ረጃጅም ወፎችን ምንቃር ለምንቃር አገናኘ። ሄለር ቴርሞሜትር ሳለ። ቬየርስበርግና ኪርሽባውም የንጉሥና የባለ ቁር ፈረሰኛ ራስ አጣመሩ። ፑማ ስሙን የያዘውን አውሬ ራስ ተጠቀመ። እነዚህ ሥዕሎች ከዓመት ዓመት እየተሻሻሉ ይቀረጹ ስለነበር የዘመን መለኪያም ናቸው። የአይክሆርን ሽኮኮ በተለይ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ስለዚህ ሰብሳቢዎች ሽኮኮውን አይተው የተሠራበትን ዘመን በጥቂት ዓመታት ልዩነት መገመት ይችላሉ። ምልክቱ ስለት ላይ በጥልቀት የተመታ ወይም በአሲድ የተበላ ነው፤ ጠርዙ በማጉያ ሲታይ ጥርት ይላል። ደብዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የቀለጠ የሚመስል ምልክት ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ቅርጽ ተወስዶ መፈብረኩን ወይም ስለቱ በኋላ ተፍቆ እንደገና መለበጡን ይናገራል።

ከምልክቶቹ አንዱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በክት ሳንጃ ላይ ሚዛን፣ ከእርሱም ጋር ኤ፣ ሲ፣ ኤስ የሚሉ ፊደላት ካገኙ የአሌክሳንደር ኮፐል ፋብሪካ ሥራ ነው። የኮፐል ቤተሰብ አይሁዳዊ ነበር፤ በዞሊንገን የተከበሩ የኢንዱስትሪ ባለቤቶችና ለከተማይቱም ብዙ የለገሱ ሰዎች ነበሩ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ፋብሪካው ከቤተሰቡ እጅ እንዲወጣ ተደረገ፣ አልኮሶ በሚለው ስም ማምረቱንም ቀጠለ። የቤተሰቡ አሌክሳንደር ኮፐል በ1942 በስተርጅና ወደ ቴሬዝየንሽታት ካምፕ ተጓዘ፣ በዚያው ዓመት እዚያው ሞተ። የሂትለር ወታደሮች በእሑድ ቀን ወገባቸው ላይ አሳምረው ከሰቀሏቸው ሳንጃዎች መካከል የዚህ ሰው ስም ምህጻር ያለባቸው አሉ። ሳንጃው እንዲህ ያለ ምልክት ካለው ወራሹ ይህንን ማወቅ አለበት፣ ለልጆቹም መንገር አለበት፤ ከዋጋው በፊት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ጽሑፉ። በስለቱ ላይ በጣም የተለመደው ጽሑፍ ትርጉሙ "ለአገልግሎት ዘመኔ መታሰቢያ" የሚል ነው። ግራና ቀኙ በባሉጥ ቅጠል፣ በንስር፣ አንዳንዴም በታንክ፣ በፈረሰኛ ወይም በመድፍ ሥዕል ያጌጣል፤ ስመ ጥሩ ሬጅመንት ሲሆን የሬጅመንቱ ስም ይጨመርበታል። ጽሑፍ ያለበት ሳንጃ ከሌለው ይበልጥ ውድ ነው፤ በሁለቱም ፊት የተቀረጸበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አታላዩን የሚስበውም ይኸው ነው። ሳንጃውን ከባዶ መሥራት ድካም ነው። ጽሑፍ የሌለበትን እውነተኛ ሳንጃ ገዝቶ ጽሑፍ መጨመር ግን አሲድና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ በጣም አደገኛው ፎርጅድ ዘጠኝ አሥረኛው እውነት የሆነው ነው። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ሽኮኮው ልክ ነው፣ ኒኬሉ ልክ ነው፤ ሐሰቱ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ይህን የሚያጋልጠው የነገሮች ቅደም ተከተል ነው። በአፎቱ አፍ ውስጥ ስለቱን የሚይዙ ትንንሽ ስፕሪንጎች አሉ። ሳንጃው በወጣና በገባ ቁጥር እነዚህ ስፕሪንጎች በስለቱ ላይ በቁመቱ የሚሮጡ ስስ መስመሮችን ይጭራሉ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቆየ ሳንጃ እነዚህ መስመሮች ይኖሩታል። ጽሑፉ በፋብሪካ የተቀረጸ ከሆነ መስመሮቹ ከጽሑፉ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ በፊደላቱና በሥዕሉ ከፍ ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ አልፈው ይሄዳሉ። ጽሑፉ ትናንት የተጨመረ ከሆነ ግን አሲዱ የድሮውን ጭረት በልቶታል፤ መስመሩ እስከ ጽሑፉ ሰሌዳ ጠርዝ ይመጣና ይቋረጣል፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ይቀጥላል። ጥቁሩ የጽሑፍ መደብም ይመሰክራል። ብዙ ዓመት የወጣና የገባ ስለት መደቡ ስፕሪንጎቹ በሚነኩት ቦታ ሳሳ ይላል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ እንደ ደመቀ ይቀራል። ከዳር እስከ ዳር እኩል የጠቆረ መደብ፣ በተጫጫረ ስለት ላይ፣ እርስ በርሱ አይስማማም። በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን የዕጣን ጢስ ያጠቆረው ግድግዳ ላይ አንድ ቅዱስ ብቻ ደምቆ ከታየ፣ ጢሱ ሲታጠን እርሱ እዚያ አልነበረም ማለት ነው።

ፊደሉም መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ በጎቲክ ፊደል የተቀረጸ ነው። በዚህ አጻጻፍ "ኤስ" ሁለት መልክ አለው፤ በቃል ወይም በቃል ክፍል መጨረሻ ክብ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ረጅም ሆኖ "ኤፍ"ን የሚመስል። "የአገልግሎት ዘመን" በሚለው የጀርመንኛ ቃል መካከል ያለው "ኤስ" ከ"ቴ" በፊት ስለሚመጣ ረጅሙ መሆን ይገባዋል። የዞሊንገን ቀራጭ ይህን በትምህርት ቤት ተምሮት አድጓል። ዛሬ ከኮምፒውተር ላይ ፊደል የሚመርጥ ሰው ግን ክቡን ይተክላል። በጎቲክ ጽሑፍ ውስጥ ክቡን "ኤስ" በዚህ ቦታ ያገኘ ሰው ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ እንደገና ያስብ።

የሚጠቀሰው የጦር ክፍልም ከታሪክ ጋር መግጠም አለበት። ናዚ ጀርመን የመጀመሪያዎቹን የታንክ ክፍለ ጦሮች ያቋቋመችው በ1935 ነው፤ አየር ኃይሏንም በይፋ ያስታወቀችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ቀደም ያለ ዓመት ከታንክ ሬጅመንት ስም ጋር ተቀርጾ ከተገኘ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ኤስ ኤስ የተባለውን የናዚ ድርጅት የመብረቅ መሰል ምልክት በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ይህ ምልክት የተቀረጸበት የክት ሳንጃ ሲቀርብልዎ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ፎርጅድ ነው ብለው ይጀምሩ። ምልክቱ የዕቃን ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚያንር ከየትኛውም ምልክት ይበልጥ ይጭበረበርበታል።

የቅደም ተከተሉ አመክንዮ ከጽሑፉ ውጭም ይሠራል። አፎቱ ሲጋጭ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ዝገት ይገባል። በተጎረበጠው ቦታ ውስጥ ቀለሙ ምንም ሳይሰነጠቅ አብረቅርቆ ከተገኘ፣ ቀለሙ ከግጭቱ በኋላ የተቀባ ነው። ኒኬል ከሥሩ ዝገት ሲነሣበት እየተላላጠ ይነሣል፣ ትንንሽ እብጠቶችም ይታያሉ። ዝገቱ ጉድጓድ አበጅቶ ሳለ የጉድጓዱ ውስጥ በሙሉ በአዲስ ቅብ ከተሸፈነ ስለቱ ዳግመኛ ተለብጧል። ቀለሙም ይረዳል፤ ኒኬል ወደ ቢጫነት የሚያደላ ሞቅ ያለ ንጣት አለው፣ ክሮም ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነው። በእጅ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ የውሸት እርጅና ጭረቶቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሮጣሉ፤ የአፎት ጭረት ግን በቁመት ብቻ ነው። የእጀታው ሚስማሮች ራስ ላይ አዲስ የመዶሻ ወይም የፋይል ምልክት፣ የአፎቱ አፍ ብሎን ላይም አዲስ የካቻቪቴ ጭረት ካለ አንድ ሰው ዕቃውን ፈትቶታል።

መፈታቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ በፋብሪካዎች የተረፉ ስለቶች፣ እጀታዎችና አፎቶች ነበሩ፤ እነርሱን ገጣጥሞ ለወታደሮችና ለሰብሳቢዎች መሸጥ ለዓመታት ቀጠለ። እንዲህ ያለው ሳንጃ እያንዳንዱ ክፍሉ የዘመኑ ነው፣ ሙሉው ግን በማንም ወታደር ወገብ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። ይህን ለመለየት ክፍሎቹ እኩል አርጅተዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ያልተነካ የሚመስል ስለት፣ ያረጀ እጀታ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ አፎት ሦስት የተለያየ ሕይወት ኖረዋል። ስለቱ አፎቱ ውስጥ ሲገባ እስከ መጨረሻው ጠጋ ብሎ መቀመጥ፣ ወደታች ሲዘቀዘቅም በስፕሪንጎቹ ተይዞ መቅረት አለበት። አጭር ስለት በረጅም አፎት ውስጥ ከተንኳኳ ሁለቱ ሌላ ቦታ ነው የተዋወቁት።

ማግኔቱ የሚረዳው በመጠኑ ነው። የእጀታው ብረት ማግኔት ካልሳበው ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ርካሽ ቅጂዎችም በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ነገር ግን ማግኔት የሳበው ሁሉ እውነተኛ አይደለም። በእነዚህ ፈተናዎች ውስጥ ብቻውን የሚፈርድ አንድም የለም፤ አምስት ስድስቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው መተማመን የሚቻለው።

ሳንጃው ከጥቁር የቆዳ ማንጠልጠያውና ከዘርፉ ጋር ተገኝቶ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው። ዘርፉ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የግንዱ፣ የአንገቱና የራሱ ቀለማት ተገጣጥመው ወታደሩ ከየትኛው ሻምበል እንደሆነ ይናገራሉ። ከፍ ያሉት የበታች ሹሞች ደግሞ በብርማ ክር የተሠራ ያስሩ ነበር። ብዙ ወራሽ ዘርፉን ቆሻሻ ጨርቅ መስሎት ያጥበዋል ወይም ይጥለዋል። አይታጠብ፣ አይፈታ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሳይፈታ የቆየ ቋጠሮ ማንም አታላይ ሊደግመው የማይችል ማስረጃ ነው።

ስለ ጽዳት ከዚህ በላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ብዙ እውነተኛ ሳንጃ የሚጠፋው በአታላይ ሳይሆን በወራሽ እጅ ነው። ሰው ዕቃውን ለባለሙያ ከማሳየቱ በፊት ሊያሳምረው ይፈልጋል፤ የብረት ማጽጃና ሽቦ ያነሣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የአፎቱን ጭረቶች፣ የጽሑፉን ጥቁር መደብ፣ የኒኬሉን ጠርዝ ሁሉ ያጠፋል። እላይ የዘረዘርኳቸው ምስክሮች በሙሉ የሚኖሩት በዚያ ስስ ገጽታ ላይ ነው። የሚፈቀደው አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ማንሣት፣ ስለቱንም በባዶ እጅ አለመንካት ነው፤ የጣት ላብ ጨው አለውና ኒኬሉን ይበላዋል። ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ገለልተኛ ሰም በስሱ መቀባት ይበቃል። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሳንጃውን ከማንጠልጠያው ለይቶ፣ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ስለቱ አፎቱ ውስጥ ተጣብቆ ከሆነ በመዶሻ አይመታ፣ በጉጠትም አይጎተት። በአፎቱ አፍ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቦ ቀናት መጠበቅ፣ ካልሆነም እንደገና መጨመር ነው።

ሕጉም ችላ አይባልም። በጀርመን የናዚን ምልክቶች በአደባባይ ማሳየት በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 86ሀ የተከለከለ ነው፤ ለታሪክ ምርምር፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ግን ልዩ ሁኔታ አለው። ተራው የምድር ጦር የክት ሳንጃ ብዙውን ጊዜ ስዋስቲካ የለበትም፤ የፖሊሱ ግን አለበት፣ ንስር የተቀረጸበት ስለትም ሊኖርበት ይችላል። በአውሮፓ የሚኖር ወራሽ ፎቶግራፉን በይፋ ከመለጠፉ በፊት ይህን ይወቅ። በአውሮፕላን ሲጓዝም ሳንጃው በእጅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ የሚሄድበት አገር የመሣሪያ ሕግም አስቀድሞ መታየት አለበት። ስለ አሮጌ ስለቶች ሰፊ እውቀት የሚፈልግ ሰው በዞሊንገን፣ ግሬፍራት በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ በቀድሞ ገዳም ሕንፃ ውስጥ የሚገኘውን የጀርመን የስለት ሙዚየም ቢጎበኝ ይጠቀማል።

ዕቃው የሚለውን ከለየን በኋላ ወደ ቤተሰቡ ታሪክ መመለስ ይቻላል፤ አሁን ታሪኩን ለመስማት የተሻለ ቦታ ላይ ነን። ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ "ከማን ላይ ተማረከ?" የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። አያት በ1945 የት ከተማ ነበሩ? በየትኛው ክፍል አገለገሉ? ሳንጃው ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ ነበር? ማን ያወጣው ነበር? የአሜሪካ ወታደሮች የምርኮ ዕቃ ወደ አገራቸው ይዘው ሲገቡ ከአለቃቸው የተፈረመ ማረጋገጫ ይሰጣቸው ነበርና ያ ወረቀት በደብዳቤዎች ወይም በፎቶግራፎች መካከል ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ከተገኘ ከሳንጃው ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ በዋጋም በታሪክም ከብዙ ጌጥ ይበልጣል። በፎቶግራፍ ላይ አንድ ወጣት ሳንጃውን ወገቡ ላይ አድርጎ ከታየም የእጀታውን አናትና የዘርፉን ቀለም ድምቀት ከተወረሰው ዕቃ ጋር ያስተያዩ።

የሰሙትን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተናገረ፣ ራሱ ያየውን ይሁን የሰማውን ለይተው። ሁለት ዘመዶች የተለያየ ከተናገሩ ሁለቱም ይጻፍ፤ ለማስታረቅ አይሞከር። ከእርሱ ተለይቶ በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ዕቃው የተናገረውን ይመዝግቡ፦ የስለቱን ርዝመት፣ የሠሪውን ምልክት፣ ጽሑፉን ፊደል በፊደል፣ ጭረቶቹ በጽሑፉ ላይ ማለፍ አለማለፋቸውን፣ የዘርፉን ቀለማት ከላይ ወደ ታች። የምልክቱ ፎቶግራፍ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነሣ፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን በኒኬል ላይ ነጸብራቅ ፈጥሮ ሽኮኮውን ይሰውረዋል።